ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ ያለው የጀበና ቡና፦ የአንድ የጅማ ሐኪም ግምገማ

በጅማ ስለ ጀበና ቡና ግምገማ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። የከተማው ሰው ሁሉ ለቡና ራሱ ዳኛ ነው፤ ከእናቱ እጅ የተሻለ ቡና ውጭ ወጥቶ እንደጠጣ የሚመሰክር ሰው ማግኘትም ያስቸግራል። ስለዚህ ቡናውን ከሌላ ቡና ጋር ማወዳደሩን ለባለሙያዎቹ ትቼ፣ ከአንድ ሆስፒታል አጥር ማዶ የሚገኝ፣ ታፔላ እንኳ ያልተሰቀለበት ትንሽ ቤት፣ አብዛኞቹ ደንበኞቹ ለሆኑት ሐኪሞችና ነርሶች በየቀኑ የሚሰጠው የግማሽ ሰዓት ጸጥታ እኛ በርንአውት ከምንለው የሥራ ዝለት ምን ያህል እንደሚታደግ ለመመዘን እሞክራለሁ። የቤቱ ባለቤት ስማቸውም ሆነ አድራሻቸው በጽሑፍ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ «ያሉኝ በርጩማዎች ሞልተዋል፤ ሌላ ሰው የት ላስቀምጥ ነው?» አሉኝ። እኔም ሁላችንም እንደምንጠራቸው እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ።

እትዬ የሚሠሩት በሆስፒታሉ ሰዓት ነው። የጠዋቱ ሥራ በ6:30 አብቅቶ የከሰዓቱ በ7:30 እስኪጀምር ባለው የምሳ ሰዓት ውስጥ፣ አቦሉ ከ7 ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ እንዲቀዳ አድርገው ይጀምራሉ። ቀድሞ ተቆልቶ የተቀመጠ ቡና አይጠቀሙም። የተለቀመውን ጥሬ ቡና በውሃ እያሹ ካጠቡ በኋላ ብረት ምጣዱን ከከሰሉ ላይ ይጥዳሉ፤ ቡናው መጀመሪያ እርጥበቱን ይጥላል፣ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ከዚያም ይንጣጣል። እስከዚያ ድረስ ዝግ ብሎ የነበረው እጃቸው አሁን ይፈጥናል፤ ምጣዱን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየነቀነቁ፣ የፍሬው ፊት ዘይት ማውጣት ሲጀምር ብድግ ያደርጉታል። ጢሱ ሳይጠፋም ምጣዱን ይዘው በተቀመጠው ሰው ሁሉ ፊት ያዞሩታል። ከጠዋት ጀምሮ ከአልኮል፣ ከክሎሪንና ከጓንት በቀር ምንም ያላሸተተ ሰው ያንን ጢስ በመዳፉ ወደ ፊቱ ሲስብ ትከሻው እንዴት እንደሚወርድ ከጎኑ ተቀምጦ ማየት ይቻላል። ሙቀጫና ዘነዘናው ይቀጥላል፤ ጀበናው ይጣዳል፣ ይፈላል፣ ወርዶም ማቶቱ ላይ እስኪሰክን ይጠበቃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከእንግዳው የሚፈለግ አንድም ነገር የለም።

አንድ ቀን ቀሚሷን ሳትቀይር፣ ስቴቶስኮፕዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች የገባች ኢንተርን (የተግባር ልምምድ ላይ ያለች የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ) በሩ ላይ ቆማ «እትዬ፣ እባክዎ ቶሎ ያድርሱልኝ፤ ሲኒየሩ ይጠብቀኛል» አለች። እትዬ ቀና ብለው አይተዋት «ልጄ፣ ቡናው ገና አልሰከነም። ከቸኮልሽ ማኪያቶ ቤቱ ያውልሽ» አሏት። ልጅቷ ጥቂት አመነታችና ተቀመጠች። ሲኒየሩ ለካ ቀድሟት መጥቶ ከበሩ ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር።

ይህ ቀልድ ቢመስልም የቤቱ ትልቁ አገልግሎት ያለው በዚሁ እምቢታ ውስጥ ነው። ሐኪም ለራሱ የያዘውን ጊዜ አይጠብቅም። ምሳዬን በሰዓቱ እበላለሁ፣ ከአዳር በኋላ እተኛለሁ፣ ማታ በእግሬ እሄዳለሁ ብሎ የወሰነ ሰው በመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ውሳኔውን ይሽራል፤ መሻሩንም እንደ ትጋት ይቆጥረዋል። በዚህ ቤት ግን ግማሽ ሰዓቱን የሚጠብቀው ሌላ ሰው ነው። ቡናው ከመስከኑ በፊት አይቀዳም፤ የሚቀዳበትንም ጊዜ የሚወስኑት እትዬ ብቻ ናቸው።

በርንአውት የሚለው ቃል በየዋርዱ እንደ ድካም ሌላ ስም ሲነገር ስለምሰማ ትርጉሙን በአጭሩ ማስቀመጥ ለግምገማው ያስፈልጋል። ሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ቃሉን በሙያ ጽሑፍ የተጠቀመበት እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን፣ ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 እስከ ዛሬ የሚሠራበትን፣ 22 ጥያቄዎች ያሉትን መለኪያ አሳተሙ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ከበሽታ አልቆጠረውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ጫና የሚመነጭ፣ ከሥራ ጋር ብቻ የተያያዘ ክስተት ነው ብሎ በ3 መገለጫዎች ገልጾታል። የመጀመሪያው የጉልበት መሟጠጥ ነው። ሁለተኛው ከሥራው በሐሳብ መራቅ፣ ሥራውን መጥላት ወይም ማናናቅ ነው። ሦስተኛው የሙያ ውጤታማነት መቀነስ ነው። ከሦስቱ እኔን የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው፤ ሲመጣ አይታወቅምና። የደከመ ሰው መድከሙን ያውቃል፤ በሽተኛውን «አልጋ 12» ወይም «ያ የጉበቱ» እያለ መጥራት የጀመረ ሐኪም ግን ሥራውን እያቀላጠፈ ያለ ይመስለዋል።

ጸጥ ያለ የዕለት ልማድ ይህንን ይከላከላል ወይ ለሚለው ጥያቄ የቡና ጢስ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ለጥያቄው ቀረብ የሚለው የማውቀው ጥናት በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ሮቸስተር በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ነው። በጥናቱ 74 ሐኪሞች የተሳተፉ ሲሆን፣ በዕጣ የተመረጡት በየ2 ሳምንቱ ለ1 ሰዓት በትንንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ፣ ለ9 ወራት ስለ ሥራቸው ትርጉምና ስለ ልምዳቸው ተነጋገሩ። ለሥራቸው ያላቸው ተነሣሽነት ጨመረ፤ በሽተኛን እንደ ዕቃ የማየት ዝንባሌም ቀነሰ፤ ለውጡም ጥናቱ ካበቃ ከ1 ዓመት በኋላ አልጠፋም ነበር። በጭንቀትና በድባቴ ምልክቶች ላይ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። ከጥናቱ ዝርዝር ውስጥ የእኛ አለቆች ቢያነቡት የምመኘው ሌላ ነጥብ ነው፤ ያ 1 ሰዓት ከሐኪሞቹ ዕረፍት ላይ አልተቆረሰም፣ ተቋሙ ከሥራ ሰዓቱ ላይ ከፍሎ ሰጣቸው እንጂ። እትዬ በጀበናና በእምቢታ የሚያደርጉትን እዚያ ተቋሙ ራሱ አድርጎታል።

የቤቱ ደንቦች የትም አልተጻፉም፤ አዲስ ሰው ግን በቶሎ ይለምዳቸዋል። ስልክ ከበሩ አጠገብ በተቀመጠ የስፌት ሙዳይ ውስጥ ይገባል። ይህን የጀመሩት ሬዚደንቶች፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች፣ ናቸው ይባላል፤ ለድንገተኛ ጥሪ ተረኛ የሆነ ሰው ብቻ ስልኩን በእጁ ይይዛል፣ እርሱም በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ስለ በሽተኛ አይወራም። ይህ ለዕረፍት ብቻ የተበጀ አይደለም፤ በቤቱ ውስጥ አስታማሚዎችም ስለሚቀመጡ የሙያ ምሥጢር የመጠበቅ ጉዳይ ነው። ስለ ደመወዝ ማውራት ይፈቀዳል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወሬው ራሱ ይሞታል።

ከአስታማሚዎች ጋር አብሮ መቀመጡ ለአንዳንድ ባልደረቦቼ የቤቱ ትልቁ እንከን ነው። ከአጋሮ አቅጣጫ የመጡ አንድ አዛውንት ገና በሩን እንደገቡ ያወቁኝና ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ የአልትራሳውንድ ወረቀት አወጡ። እትዬ ከእኔ ቀድመው «አባቴ፣ ዶክተሩ አሁን የእኔ እንግዳ ነው፤ ቡናውን ይጠጣ። 7:30 ላይ እዚያው ያገኙታል» አሉና ከጎኔ በርጩማ ስበው አስቀመጧቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን መልሰው አጥፈው፣ ቡናው አበባ ሊይዝ ሲል ዝናቡ እንደቀረባቸው፣ ጀንፈሉንም በምን ዋጋ እንደሸጡ ሲያወሩ አቦሉ ተቀዳ። በማግሥቱ በሽተኞቹን በየአልጋቸው በምንጎበኝበት ራውንድ ላይ ባለቤታቸው ከተኙበት አልጋ ስንደርስ የአልጋ ቁጥሩ ከአፌ አልወጣም። ይህን የምጽፈው የቤቱን ጥቅም ለማሳየት ቢሆንም የከነከነኝን አልደብቅም፤ ከንጋት ጀምሮ ወረፋ ሲጠብቅ የዋለ ሰው ሐኪሙን ፊት ለፊት አግኝቶ «ቆይ» መባሉ ቀላል ነገር አይደለም። እትዬ የያዙት ሚዛን ትክክል ይመስለኛል፤ ሌላ ሐኪም ግን አይመስለኝም ቢል አልከራከረውም።

ቡናው ከመጠጣቱ በፊት ከታዳሚው በዕድሜ ከፍ ያለ ሰው ዱዓ ወይም ምርቃት ያደርጋል። በጅማ ይህ ለማንም አዲስ አይደለም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል። ከጠዋቱ ሰው ሞቶበት የመጣ ሐኪም ካለ ምርቃቱ ጥቂት ይረዝማል፤ ማንም ግን ምን ሆነህ ብሎ አይጠይቀውም። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርስ የነበረው ጆናታን ባርትልስ፣ በሽተኛ ሲሞት ሲያክሙት የነበሩት ሁሉ ከአልጋው ዙሪያ ሳይበተኑ ለጥቂት ጊዜ በዝምታ እንዲቆሙ የሚያደርግ ልማድ አስጀምሮ ብዙ ሆስፒታሎች ተቀብለውታል። እኛ ከአልጋው ሥር እንዲያ ለመቆም ፋታ አናገኝም፤ ሬሳው ሳይነሳ ቀጣዩ በሽተኛ ይገባል። የእትዬ ምርቃት ዘግይቶም ቢሆን ያንን ክፍተት ይሞላል።

ወደ ቡናው እንምጣ። እትዬ የሚገዙት ከጎማ ወረዳ የሚመጣ፣ ከነገለባው በፀሐይ የደረቀ ቡና ነው። የጅማ ስም በውጭ ገበያ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው «ጅማ 5» በሚባለው፣ ሳይታጠብ በሚዘጋጅ ተራ ደረጃ ስለሆነ፣ የታጠበውን የሊሙን ቡና የሚያመልኩ ሰዎች የደረቀውን ይንቁታል። ንቀቱ ያለ ቦታው ነው። ጉድለቱ የሚመጣው እሸቱና ቀዩ ተቀላቅሎ ሲለቀም፣ ቡናውም ባዶ መሬት ላይ ሲሰጣ ነው፤ በቀይነቱ ተለቅሞ ከመሬት ከፍ ባለ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የደረቀ ቡና በጀበና ሲፈላ ወፍራም፣ ጣፋጭነት ያለው፣ መራራነቱም ከጉሮሮ የማይሻገር ይሆናል። የእትዬ ቡና በአብዛኛው እንዲህ ነው። አቆላላቸው ወደ መጥቆሩ ያዘነብላል፤ እንግዳ በሚበዛበት ቀን ደግሞ ምጣዱን ዘግይተው ስለሚያወጡት አቦሉ ዐመድ ዐመድ ይላል። ቶናው ከዚያ ይሻላል። በረካውን የሚጠብቀው ከአዳር የወጣ ሰው ብቻ ስለሆነ ስለ እርሱ ብዙ የምለው የለኝም። ለቡና ቁርስ የሚቀርበው ቆሎ፣ አንዳንዴም የተቀቀለ በቆሎ ሲሆን፣ ምሳ ዕቃ ይዞ መግባትም ይፈቀዳል።

አንድ ምክር እንደ ሐኪም ልጨምር። ካፌይን ጤናማ በሆነ ሰው ደም ውስጥ ግማሽ ለመሆን 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ በ7 ሰዓት ከተጠጣው ቡና ግማሹ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ አብሮን አለ ማለት ነው። በእርግዝና ወቅት ደግሞ ከዚህ በጣም ይዘገያል። ስለዚህ የምሳ ሰዓቱ ቡና ለቀን ተረኛ ተስማሚ ሲሆን፣ ከአዳር ወጥቶ ወደ አልጋው ለሚሄድ ሰው ግን ያንኑ የሚፈልገውን እንቅልፍ ይነሳዋል። እትዬ ይህን ከኛ በተሻለ የተረዱት ይመስላል፤ ዓይኑ የቀላ ሰው ሲገባ ሳይጠይቁ በጤና አዳምና በቅርንፉድ የፈላ ውሃ ይሰጡታል፤ ሻይ ቅጠል የለውም። ያም ሰው ጢሱን አሽትቶ፣ ምርቃቱን ሰምቶ፣ ሲኒውን ይዞ ይቀመጣል፤ ከቡናው በቀር ሁሉንም አግኝቷል። እኔ በበኩሌ በዚህ ቤት የሚያሳርፈው ካፌይኑ ነው ለማለት የማልደፍረው እነዚህን ሰዎች ስላየሁ ነው።

ጉድለቶቹን ልዘርዝር። ዋናው ጢሱ ነው። ቤቱ አንዲት መስኮት ብቻ ነው ያለው፤ ጅማ ደግሞ ዝናብ አይጠግባትም። ዝናብ ሲመታ በሩም መስኮቱም ተዘግቶ ከሰሉና እጣኑ አብረው ይጤሳሉ። አስም ያለበት ሰው በዚያ ቀን ባይገባ ይሻለዋል፤ ለሌላውም ቢሆን በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ እንደሚያመነጭ ሐኪሞች ሆነን ተቀምጠን ዝም ማለታችን የሚያሳፍር ነው። ከተነጋገርንበት በኋላ እትዬ ምድጃውን ከበረንዳው ላይ አቀጣጥለው፣ ፍሙ ከያዘ በኋላ ማስገባት ጀምረዋል፤ መስኮቱም በጨርቅ ሳይደፈን በከፊል ክፍት ይቆያል። የተሻለ ነው፤ በቂ ግን አይደለም። መቀመጫዎቹ ከአንድ ግንድ የተጠረቡ፣ ባለ 3 እግር የጅማ በርጩማዎች ናቸው፤ ለዓይን ያምራሉ፤ ሙሉ ጠዋት ኦፕራሲዮን ክፍል ቆሞ ለዋለ ወገብ ግን ቅጣት ናቸው። በግድግዳው በኩል ያለችው ብቸኛ ባለ መደገፊያ ወንበር የዕድሜ ባለጸጎች ናት። ስኳር ካልከለከሉ በስተቀር ሳይጠየቅ ይጨመራል። እጅ መታጠቢያው ከጓሮ ነው፤ ውሃ በሚጠፋበት ቀን በጆግ ያስታጥባሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ሥጋት ግን ሌላ ነው፤ ይህን የመሰለ ልማድ መልካም መሆኑ ለአሠሪ ምቹ ሰበብ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ቀደም በሠራሁበት አንድ ተቋም፣ የተረኛው ቁጥር ከሚፈለገው ግማሽ በታች ወርዶ ሳለ፣ ስለ ጭንቀት አያያዝ ሥልጠና በዕረፍት ቀናችን ተጠርተን ስለ ትንፋሽ አወሳሰድ ተነግሮን ተመልሰናል። የ19 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ትንተና እንዳሳየው፣ በሐኪሞች ላይ የሚታየውን በርንአውት ለመቀነስ የሚደረጉ ጥረቶች በአማካይ የሚያስገኙት ለውጥ አነስተኛ ሲሆን፣ ከእነርሱ ውስጥ የተሻለ ውጤት ያሳዩት የሥራ ሰዓትንና የአሠራር ሥርዓትን የሚለውጡት፣ ማለትም በተቋም ደረጃ የሚወሰዱት ናቸው። ሐኪሙን ብቻውን አሠልጥኖ መልቀቅ ያን ያህል አይጠቅምም። የጄኔቫ ቃል ኪዳን የሚባለው የሐኪሞች መሐላ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሻሻል ሐኪሙ የላቀ ሕክምና ለመስጠት የራሱን ጤንነትና ደኅንነት እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ዐረፍተ ነገር ገብቶበታል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ያንን መሐላ የሚፈጽምበትን ሰዓት ማን እንደሚሰጠው ቃል ኪዳኑ አይናገርም። የእትዬ ቤት በቀን አንድ ጊዜ ከምሳ ሰዓታችን ላይ ግማሽ ሰዓት አስጥሎ ይሰጠናል፤ የ36 ሰዓት ተረኝነትን ወደ 24 ሊያወርድ ግን አይችልም፤ የጎደለ ነርስም አይቀጥርም። ከዚህ በላይ ከእርሳቸው መጠበቅ ነውር ነው።

ስለዚህ ምዘናዬ እንደሚከተለው ነው። ለቡናው ጥራት ብቻ ለሚመጣ ሰው በከተማው ውስጥ የተሻሉ ቤቶች አሉ። ለፈጣን አገልግሎት የሚመጣ ሰው በእርግጥ ይበሳጫል። በቀኑ መሐል ከማንም ትእዛዝና ጥያቄ ነጻ ሆኖ መቀመጥ ለሚያስፈልገው፣ ያንንም ሰዓት ብቻውን ማስከበር ላቃተው የጤና ባለሙያ ግን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ ሁለት ሦስት ሆኖ መሄድ ይሻላል፤ አንዱ ሲቀር ሌላው ይጠይቀዋልና።

ቤቱ ከሰኞ እስከ ዐርብ ከምሳ በፊት ይከፈታል፤ ቅዳሜ እስከ ቀትር ብቻ ነው፤ እሑድ ዝግ ነው። በረመዳን ቀን ቀን ዘግተው ከአፍጥር በኋላ ስለሚከፍቱ የማታ ተረኞች ይጠቀሙበታል። ዋጋው በአካባቢው ካሉት የጀበና ቡናዎች ጋር እኩል ሲሆን፣ በጥሬ ገንዘብም በቴሌብርም መክፈል ይቻላል፤ ኢንተርኖች እስከ ወር መጨረሻ በደብተር ያስጽፋሉ። ከ6:40 በኋላ የሚደርስ ሰው መቀመጫ አያገኝም፤ ቆሞ መጠጣት ደግሞ እትዬ አይፈቅዱም።